ጥርርር የሚለው ጣቢያ

«አሁንስ ይሰማል?» አለች ፊውዝ፣ ማይክሮፎኗን ከንፈሯ ላይ ልትለጥፋት ምንም ሳይቀራት።

መልሱ የመጣው በመስኮት በኩል ነው። «ድምፅሽማ ጥሩ አድርጎ ይሰማል፤ ግን በባዶ ጆሮዬ ነው። ሬዲዮው አሁንም ጥርርርር ነው የሚለው።»

ፊውዝ ማይክሮፎኗን አስቀምጣ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ከተቀመጠችበት የጓሮ ዕቃ ቤት እስከ ፊት ለፊቱ በረንዳ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰችው ግን መቁጠር ትታለች።

ፊውዝ የተባለችው በስምንት ዓመቷ ነው፤ የተበላሸ ፀጉር ማድረቂያ እጠግናለሁ ብላ ቤቱን በሙሉ ጨለማ ካለበሰች ወዲህ። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። በረንዳው ላይ ሬዲዮውን ታቅፋ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ደግሞ ጋዜጣ ትባላለች። ለምን እንደተባለች ለማወቅ ጠዋት አንድ ምስጢር ነግሯት እስከ ምሳ ሰዓት መጠበቅ በቂ ነው።

ሰኞ የፊዚክስ መምህራቸው ፊት ይቀርባሉ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ በገዛ እጃቸው የሠሩት ትንሽ የኤፍኤም ማሠራጫ ድምፅ ከላቦራቶሪው እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በር ድረስ መድረስ አለበት። ማሠራጫው በሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንድ ትራንዚስተር፣ እስክሪብቶ ላይ ተጠምጥሞ የተሠራ የመዳብ ጥቅልል፣ አንድ አራት ማዕዘን ባትሪ፣ ክንድ የሚያህል የአንቴና ሽቦ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ችግር ነበረበት። ፊውዝ በብረት መፍቻ እያዞረች ጣቢያውን ታስተካክለውና እጇን ስታነሳ ጣቢያው አብሮ ይሄዳል። የጥርስ ብሩሽ እጀታ ሞርዳ የፕላስቲክ መፍቻ ስትሠራለት ያ ችግር አለቀ። ካለፉት አራት ቀናት ወዲህ ያለው ግን ሌላ ነው። ጣቢያው ቦታውን አይለቅም፤ ቦታው ላይ ሆኖ ጥርርርር ይላል።

ባትሪ ቀየረች። ጥርርር። አንቴናውን አሳጠረች። ጥርርር። የጥቅልሉን ዙሮች በጥፍሯ አራራቀቻቸው፤ እሱም ጥርርር። የብየዳውን ነጥቦች አንድ በአንድ እንደገና አቅልጣ አጣበቀቻቸው።

ይህንን የመጨረሻውን ግን ማስታወስ አትፈልግም። ምክንያቱ ማሠራጫው አልነበረም።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። የቤቱ የፊት ክፍል ሱቁ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ጥሩ ብርሃንና የሚሠራ ሶኬት አንድ ላይ የሚገኙትም እዚያው የቁረጣ ጠረጴዛው ላይ ብቻ ነው። አባቷ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሕግ አንድ ነው፤ ከጨርቅ፣ ከጠመኔና ከመቀስ በስተቀር ምንም አይቀመጥበትም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አባቷ ክር ሊገዛ ወጣ። ፊውዝም መበየጃዋን ይዛ ገባች፤ አሥር ደቂቃ ነው፣ ማን ያያል ብላ። የጋለው መበየጃ ተንከባለለ። የተንከባለለውም ተሠርቶ አልቆ በተዘረጋው ጥቁር ሰማያዊ ኮት ላይ ነው።

ቀዳዳዋ የምስር ፍሬ ታክላለች። ዙሪያዋን ቡናማ ሆናለች። ያለችውም በኮቱ ጀርባ፣ ልክ መሃል ላይ ነው። ፊውዝ ኮቱን መስቀያው ላይ ሰቅላ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ለጋዜጣ አልነገረቻትም። ለጋዜጣ መንገርማ በድምፅ ማጉያ መናገር ነው።

«ትንሿን መፍቻ ልጠይቀው» ብላ ወደ ሱቁ ሄደች።

አባቷ የስፌት መኪናውን አቁሞ በመነጽሩ በላይ አያት። «ደግሞ ምን ጎደለ?»

«ትንሿን መፍቻ።»

«ጠዋት የወሰድሽውስ?»

ይህን ጊዜ ከበረንዳው የጋዜጣ ድምፅ መጣ። «ጠራ። ፊውዝ፣ ሬዲዮው ጠርቷል፣ ምን አድርገሽው ነው?»

ፊውዝ ምንም አላደረገችም፤ ግን እየሮጠች ተመለሰች። ዕቃ ቤት ደርሳ ማይክሮፎኑን ስታነሳ ጋዜጣ በሐዘን «ጥርርር» አለቻት። እንደገና ወደ ሱቁ፤ ጠራ። እንደገና ወደ ዕቃ ቤት፤ ጥርርር። በአራተኛው ጊዜ ጋዜጣ ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች፤ የፊዚክስ መምህሩ «ያያችሁትን መዝግቡ» ብለዋላ።

«አገኘሁት» አለች ጋዜጣ ወደ ዕቃ ቤት ብቅ ብላ። «አባባ ቆመው ሲያወሩ ይጠራል። ተቀምጠው ሲሠሩ ይረበሻል። አራት ጊዜ አየሁት።»

«ታዲያ ምን ለማለት ነው?»

«አባትሽ መቆም አለባቸው ለማለት ነው። ሰውነታቸው ሞገድ ይስባል። ደግሞ አንገታቸው ላይ ሜትር አለ፣ ኪሳቸው ውስጥ ስፒል አለ። ሰውዬው አንቴና ናቸው በአጭሩ።»

ፊውዝ ሳቀች። ቀጥሎ ደብተሩን አየችው። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም፤ ማስረጃው ማስረጃ ነው። ለአራት ቀን አንድ ጥርርር ያሳደዳት ሰው ደግሞ ለማመን ብዙም አይቸገርም።

አባቷን ከወንበሩ አስነስተው፣ በጓዳው በኩል አሳልፈው፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ከሳሙና ማስቀመጫው አጠገብ አቆሙት። በረንዳው ላይ የሚሰማ ሰው ስለሌለ ጋዜጣ ሬዲዮውን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጋ ትታ መጥታለች። ማይክሮፎኑን ይዛ «እንደምን ዋላችሁ» አለች። ከበረንዳው የራሷ ድምፅ ጥርት ብሎ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ተሰማ።

«አላልኩሽም?» አለች ጋዜጣ። «አባባ፣ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ ይበሉልኝ።»

አባቷ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ አለ። በአንድ እጁ መርፌ ይዟል፤ በሌላው የየትኛው ልብስ መሆኑ ያልታወቀ ቁልፍ። «እኔ የምለው» አለ፣ «ሰኞ ትምህርት ቤታችሁ መጥቼ ልቆም ነው?»

«አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው አባባ» አለች ጋዜጣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ከዚያ ይሄዳሉ።»

«ልጆች፣ ኮት ያሰፉት ሹፌር አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ኮቱ አልቋል፤ ሱሪያቸው ግን አንድ እግሩ ቀርቶታል።» ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወጣ። ወዲያው ከበረንዳው ጥርርርር የሚለው ድምፅ ተመለሰ፣ ጋዜጣም በድል አድራጊነት ደብተሯ ላይ አምስተኛውን መስመር ጻፈች።

ፊውዝ ግን የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሥር ሰዓት። ብትናገር መበየጃውም ማሠራጫውም ቁም ሣጥን ገብተው ይቆለፍባቸዋል፤ ሰኞም ባዶ እጇን መምህሩ ፊት ትቆማለች። ባትናገር ኮቱ ታጥፎ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሄዳል። ምናልባት ሰውየው ጀርባቸውን አያዩትም ይሆናል። ማን ነው ጀርባውን የሚያይ?

ሹፌሩ የመጡት ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ሃያ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ፣ አንገታቸው ወደ ቀኝ ትንሽ ዘንበል ያለ፣ ሰው ሲያናግሩ እንኳ በጎን መስታወት የሚያዩት የሚመስሉ ሰው ናቸው። ሱሪው እስኪያልቅ በረንዳው ላይ ከጋዜጣ አጠገብ ተቀመጡ። ጋዜጣም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለ ማሠራጫው፣ ስለ ሰኞ፣ ስለ አባባ አንቴናነት አንድም ሳታስቀር አወራቻቸው።

ሹፌሩ ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው ጣል አደረጉ። ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ «እስቲ መሐንዲሷን ጥሪልኝ» አሉ።

ፊውዝ እየተጎተተች መጣች። ፊታቸውን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«ልጄ፣ ይሄ ጥርርር ሲፈጥን አብሮት የሚፈጥን ነገር አይሰማሽም?»

«ምንም አይሰማኝም ጋሼ።»

«ደህና አድርገሽ ስሚ።»

ሰማች። ወፍ አለ፣ መንገድ ላይ የልጆች ኳስ አለ። ሌላ ምንም የለም።

ሹፌሩ በአውራ ጣታቸው የሱቁን መስኮት አሳዩ። «የአባትሽ የስፌት መኪናስ?»

ፊውዝ አፏን ከፈተች። ጋዜጣም ከፈተች። የስፌት መኪናው ፊውዝ ሳትወለድ ጀምሮ በዚህ ቤት ይጮኻል። አንደኛ ክፍል እያለች ፊደል የቆጠረችው፣ እንቅልፍ የተኛችው፣ ከጋዜጣ ጋር ጓደኛ የሆነችው በዚሁ ድምፅ ውስጥ ነው። ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ሰው የስፌት መኪና አይሰማም። እንግዳ ካልመጣ በስተቀር በዚህ ቤት ጸጥታ ማለት መኪናው እየሠራ ነው ማለት ነው።

«እኔ አውቶቡሴ ውስጥ የዝናብ መጥረጊያውን ሳስነሳ ሬዲዮኔ ልክ እንደዚህ ይሆናል» አሉ ሹፌሩ። «የሚያሽከረክረው ዲናሞ ነው፤ የስፌት መኪናውም አለው። ውስጡ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ያ ብልጭታ ደካማ ጣቢያ ካገኘ ይጨፍርበታል። ደግሞ ሬዲዮሽን ከምን ሶኬት ነው የሰካሽው?»

የሬዲዮው ሽቦ በሱቁ መስኮት ገብቶ የስፌት መኪናው ከተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል። ሦስቱም ሽቦውን በዓይናቸው ተከትለው እዚያው ደረሱ።

«ስለዚህ ማሠራጫው ጤነኛ ነው?» አለች ፊውዝ።

«ምንም አልሆነም። ሰኞ ሬዲዮውን በባትሪ አድርጊው፣ ካገኘሽው ዲናሞ ሁሉ አርቂው። አሁን ደግሞ ሱሪዬ አልቆ አባትሽ መኪናውን ሲያቆም ያኔ ተናገሪ። ጥራቱን ታያለሽ።»

ጋዜጣ ደብተሯን ገልጣ «አባባ አንቴና ናቸው» የሚለውን በዝግታ ሰረዘች። ተክዛለች።

ሹፌሩ ጨዋታው ጣማቸው መሰለኝ፣ ስለ ሬዲዮ የጀመሩትን ስለ ልጃቸው ቀጠሉት። ልጃቸው ነገ ትመረቃለች። ከቤታቸው የመጀመሪያዋ ናት። «እኔ ከኋላ በር አጠገብ መቀመጥ ነበር ያሰብኩት፤ ብዙ ሰው ፊት መሆን አልወድም። እሷ ግን አልሰማ አለች። አባዬ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው፣ አዳራሹ በሙሉ ያይሃል አለችኝ። ለዚህ ነው ይሄን ኮት ያሰፋሁት።»

የመጀመሪያው ረድፍ። ፊውዝ አዳራሹን አሰበችው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ከኋላቸው ተቀምጧል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ደግሞ የሚያየው ጀርባ ነው።

«አመሰግናለሁ ጋሼ» አለችና ወደ ዕቃ ቤት ተመለሰች። እግሯ ግን ሃያ ሁለቱን እርምጃ ሠላሳ አደረገው።

ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠች። ጋዜጣ አስውባ የጻፈችው የመክፈቻ ንግግር ፊቷ ተዘርግቷል፤ «ውድ አድማጮቻችን» ብሎ ይጀምራል። አሁን የስፌት መኪናውን ሰማችው። እንዴት እስከ ዛሬ እንዳልሰማችው ገረማት፤ ግድግዳው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ጥርርር ይልና ጥግ ላይ ያዘግማል፣ ከዚያ ቀጥ ያለውን ስፌት ይዞ ይሮጣል። ለአራት ቀን እንዲቆም ስትለምነው የኖረችው ድምፅ እንዳይቆም መለመን ጀመረች። የአንድ ሱሪ አንድ እግር ስንት ስፌት አለው? ትንሽ ይቆይ። ሌላ እግር ይጨመርለት።

ቆመ።

«ጠራ» አለች ጋዜጣ ከበረንዳው። «ፊውዝ፣ እንደ ውሃ ነው የጠራው። ተናገሪ።»

ከሱቁ የአባቷ ድምፅ ተከተለ። «ይግቡ፣ ይለኩት። ኮቱን ላውርድልዎት።»

ፊውዝ ወረቀቱን አየችው። ማይክሮፎኑን አነሳች። ተናገረች፣ ሳትጮህ፤

«አባዬ፣ ኮቱን እንዳትሰጣቸው። እየመጣሁ ነው።»

ድምፁ በረንዳውን ሞልቶ፣ በመስኮቱ ገብቶ ሱቁ ውስጥ ሲደርስ ራሷ ሰማችው። አንዲት ኮሽታ እንኳ አልነበረበትም። ባትሪውን ነቀለችና ተነሳች።

ጋዜጣ መንገድ ላይ አገኘቻት። «እሱ'ኮ ወረቀቱ ላይ የለም» አለቻት።

«አውቃለሁ።»

አባቷ መስቀያውን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። ሹፌሩ አንድ እጃቸው አየር ላይ ነው፤ ኮት ሊለብሱ የዘረጉት። ፊውዝ ኮቱን ከአባቷ እጅ ወስዳ አዞረችው፣ ጣቷንም ቀዳዳዋ አጠገብ አደረገች። አላስፈለገም ነበር፤ ልብስ ሰፊ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጎ አያገኝም፣ ራሱ ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

«መበየጃው ነው» አለች። «ጠዋት ክር ልትገዛ ስትወጣ፣ ጠረጴዛህ ላይ። ለመናገር ፈርቼ ወደ ግድግዳ አዞርኩት።»

አባቷ መነጽሩን አወለቀ፣ ሸሚዙ ላይ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ቀዳዳዋ ያው ነበረች። ፊውዝ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። አፍራለች፤ ማፈሯም ጆሮዋ ድረስ ይፋጃል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ወደ ሹፌሩ ዞራ። «የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ስለሚቀመጡ… ከኋላ ሁሉም ያየዋል።»

ሹፌሩ ቀዳዳዋን በጣታቸው ዳሰሷት። ፊታቸው ላይ የነበረው ጨዋታ ጠፍቷል። «ቅድም ስለ ዝናብ መጥረጊያው ሳስረዳሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«እህ። እኔ ደግሞ ይቺ ልጅ ምርቃት ስል ለምንድነው ፊቷ የሚጠቁረው፣ ፈተና ወድቃ ይሆን እንዴ ብዬ አዝኜልሽ ነበር።» ወደ አባቷ ዞሩ። «ይደርሳል ወይስ አይደርስም?»

«ይደርሳል» አለ አባቷ። «ከውስጥ ከስፌቱ ትርፍ ክር እየመዘዝኩ ቀዳዳውን እሸምነዋለሁ። በእጅ ነው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስጨርስ እርስዎ ራስዎ ፈልገው አያገኙትም።»

«እንግዲያው እዚሁ እጠብቃለሁ» አሉ ሹፌሩ፣ ወንበር ስበው። «ትቼላችሁ ብሄድ ደግሞ ሌላ ማሠራጫ ትሠሩበታላችሁ።»

አባቷ መበየጃውን ከዕቃ ቤት አስመጣው። ፊውዝ ስታቀብለው ከመቀሶቹ መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ አደረገ። «ማሠራጫሽን ሰኞ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ይሄኛው ግን እኔ ጋ ይቆያል። እስከ መቼ ብለሽ አትጠይቂኝ።»



አባቷ መብራቱን ዝቅ አድርጎ ኮቱን ገለበጠ፤ ገበሩን ከታች በኩል ፈታ፣ መርፌውን ይዞ አጎነበሰ። ቀና አለ፣ እንደገና አጎነበሰ። ጥቁር ሰማያዊ ክር ከጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ውስጥ ለይቶ ማውጣት በሃምሳ ዓመት ዓይን የሚሆን ነገር አይደለም። እርጂኝ ግን አላለም። «በቃ፣ ሂጂ ወደ ሥራሽ» አላት፣ ቀና ሳይል።

ጋዜጣ በሩ ላይ ብቅ አለች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። «ፊውዝ፣ መኪናው'ኮ እስከ ማታ አይነሳም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ንጹሕ አየር አለን። እስከ ማዶ መንገድ ድረስ እንሞክረው፣ ነይ ቶሎ።»

ፊውዝ በሩን አየች። ለአራት ቀን የፈለገችው ጸጥታ ይኸው ቤቱን ሞልቶታል፤ ነገ ደግሞ አባቷ ሌላ ልብስ ይጀምራል። አጭሯን በርጩማ ስባ ከአባቷ ጎን ተቀመጠችና ወረንጦውን አነሳች።

«አንቺ አንብቢ» አለቻት። «ባትሪውን አስገቢው፣ ግን እጅሽን ወደ ጥቅልሉ እንዳታስጠጊ፤ ጣቢያው ይሄድብሻል።»

«እኔ ብቻዬን?» የጋዜጣ ፊት በራ። «የፈለግሁትን?»

ፊውዝ ይህን ጥያቄ በደንብ ልታስብበት ይገባት ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያውን ክር ጫፍ ይዛ ነበርና «አዎ» አለች።

ብዙም አልቆየም። በረንዳው ላይ እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎ የተተወው ሬዲዮ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ውድ አድማጮቻችን» አለ የጋዜጣ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ። «ሰበር ዜና። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በዚሁ ቤት በአንድ ኮት ላይ የቃጠሎ አደጋ ደርሷል። የጉዳቱ መጠን አንድ ምስር ያህል ነው። ተጠርጣሪዋ በራሷ ጊዜ በሬዲዮ ቀርባ ድርጊቱን አምናለች። ባለ ኮቱ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ።»

መንገድ ላይ የነበረው የኳስ ጨዋታ ቆመ። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ጎረቤት «ምን ተቃጠለ?» ስትል ተሰማ። ሹፌሩ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ዝም አናሰኛትም?» አለ አባቷ። ሬዲዮው የተሰካበት ማከፋፈያ ከፊውዝ እግር አጠገብ ነው፤ በጫማዋ ጫፍ ብትነካው ይበቃል።

ፊውዝ እግሯን ወደ በርጩማዋ ሰበሰበች።

«አትነቃነቅ አባዬ» አለች። «ክሩ ሊበጠስብኝ ነው።»